በፒልሬ ሳህን የሄደው ሾርባ

ለእህቴ ለማልሱን፣

ሰማንያ ዓመት ሞላኝ። የጀልባዬን ሞተር አሁንም ራሴ ጎትቼ አስነሳለሁ። የእግሬን ጥፍር ራሴ እቆርጣለሁ፤ ጎንበስ ስል ከወገቤ የሚወጣውን ድምፅ ካልቆጠርሽብኝ። ሩዜን ራሴ እቀቅላለሁ፤ ያርራል፣ ያረረውንም ራሴ እበላዋለሁ። ገመድ እቋጥራለሁ፣ የተቋጠረ እፈታለሁ፣ ቢላዬን እስላለሁ፣ መሰላል እወጣለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ማንም ሳይጽፍልኝ በገዛ እጄ እየጻፍኩት ነው። ሦስት ዓመት ብቻ የተማረ ሰው ፊደል ነውና ከተጣመመ አቃንተሽ አንብቢው እንጂ እንዳትስቂ።

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ የሚወጋሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም ዋጥ አድርገሽ ትወጫለሽ? ባልሽ ኤካርትስ እንዴት ነው፣ ያ ሳሉ ለቀቀው? ብርዱን እንዴት አለፋችሁት? ልጅሽ ሚናና ልጆቿስ ደህና ናቸው? ለአዲሱ ዓመት የላክሽው የሱፍ ካልሲ ደርሶኛል፤ ተረከዙ ላይ ጠበብ አለኝ እንጂ ይሞቃል። እኔ ደህና ነኝ። ሰውነቴ ደህና ነው ማለቴ ነው። ልጄ ዶክሱና ሚስቱም ኡልሳን ከተማ ደህና ናቸው፤ የመርከብ ሥራው አልቆመም።

በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንደምትዪ አውቃለሁ። ጆሮዬ ደክሟል። በስልክ ስናገር እጮሃለሁ፣ ስጮህ ደግሞ ሳልጊ መንደር ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል። ይህ ነገር በጩኸት የሚነገር አይደለም። ነገ ጠዋት የማኅበራችን ስብሰባ አለ። እዚያ ተነስቼ አንድ ነገር እናገራለሁ፣ ስናገርም ዛጎል የምናረባበትን የባሕር ይዞታችንን አጣለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ነገሩ ያለቀ ይሆናል። ፈቃድ ልጠይቅሽ አይደለም የጻፍኩት። ይዞታው ግማሹ የአንቺ ስለሆነ ከሌላ አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።

እህቴ፣ አንገሽግሾኛል። የጥቁሩን ዛጎል ሥጋ አፌ ውስጥ ካስገባሁ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ። ሽታው ራሱ ያጥወለውለኛል፤ ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት ሽታ! ገመዱ ላይ የሚንዘላዘለው ንፍጥ የመሰለ አተላ፣ ዳርቻው ላይ እንደ በረዶ የሚበተነው የገመዱ ተንሳፋፊ ፎም ነጭ ፍርፋሪ፣ ሴቶቹ ሥጋውን ከሚያወጡበት ከመፈልፈያው ቤት ጀርባ ተከምሮ የሚበሰብሰው ቅርፊት፣ በላዩ የሚተራመሰው ዝንብ፣ ሁሉንም ሳየው ይዘገንነኛል። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ መስታወቱ ውስጥ የሚያየኝ ሰውዬ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። እሱ ጋ እደርሳለሁ።

መጀመሪያ ስለ ባሕሩ ልንገርሽ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ በነበሩት ዓመታት በመከር የሰቀልነውን ገመድ በጸደይ ለሁለት ሆነን ማንሳት ያቅተን ነበር። ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ ግን ዛጎሉ ከስቶ ከስቶ፣ ሲከፍቱት ሥጋው እንደ በሽተኛ ምላስ ቅርፊቱ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ዛጎል እንደምታውቂው አሳድዶ አይበላም። ባለበት ተንጠልጥሎ የሚያልፈውን ውሃ ይምጋል፣ በውስጡ ያለውን ዓይን የማያየው ምግብ ያጣራል፣ ውሃውን ይተፋል። ታዲያ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ፒዮ ገመዶቹን በባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ እንደ ፀጉር አጠጋግቶ ሰቅሏቸዋል። ውሃው ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው የእሱን ነው። እኔ ጋ የሚደርሰው የሩዝ እጣቢ እንኳ አይሆንም። ወደቡ ላይ በሰው ፊት «የባሕሩን እህል ከአፌ ትቀማኛለህ፣ አንተ አሳማ» አልኩት። «ጋሽ ፓንሱል፣ ውሃው ላይ ስምዎን ይጻፉበትና ሲያልፍ እንተውልዎታለን» አለና ሰው አሳቀብኝ።

ዘንድሮ ግን የእኔ ወፈሩ። የፒዮ ሳይሆን የእኔ! ቅርፊቱ አልዘጋ እስኪል ድረስ ብርቱካን የመሰለ ሥጋ ሞልቶታል። አንዱን ከፍቼ በእጄ መዳፍ ይዤ መንደሩን ሙሉ ዞርኩበት። ፒዮ በር ላይ ደግሞ ሁለቴ አለፍኩ።

በሦስተኛው ቀን የመንደሩ ድምፅ ማጉያ ጮኸ። በዛጎሉ ውስጥ መርዝ ስለተገኘ ባሕሩ ተዘግቷል፣ እስኪከፈት ድረስ ማንም እንዳያወጣ፣ እንዳይሸጥ፣ እንዳይበላ ተባለ። በየጸደዩ ይዘጋሉ፣ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። አሥር ዓመት ጠብቄ የወፈረልኝን ዓመት ይዝጉብኝ? ውሃውን ሄጄ አየሁት። እንደ መስታወት ጠርቷል፤ ገመዱ እስከ ሦስት ሰው ቁመት ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። ከምርምር ጣቢያ በየሳምንቱ ውሃና ዛጎል ልትወስድ የምትመጣ ወይዘሪት ናም የምትባል አለች። «ይሄ ነው መርዙ? ቀዩ ውሃ የታለ?» ብዬ አፋጠጥኳት። «አባባ፣ በሙቀቱ ወራት የሚመጣው ቀዩ ዓሣ ይፈጃል እንጂ ሰው አይገድልም። የጸደዩ ቀለም የለውም፤ ጠርቶ ነው የሚገድለው» አለችኝ። «ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ እኔ ይህን ውሃ በምላሴ እየቀመስኩ ነው ቀኑን የምለየው» አልኳት። ጠርሙሷን እየከደነች «እንግዲያው ይህንን አይቅመሱት» ብላኝ ሄደች።

የፒልሬ ሙት ዓመት በዚያው ሳምንት ዋለ። ስድስተኛዋ ነው። ሚስቴ በሕይወት ሳለች ለአባቶቻችን ማዕድ ስታቀርብ ሾርባው ውስጥ ከገዛ ገመዳችን የወጣ ዛጎል ሳታገባ ቀርታ አታውቅም። በብርዱ ወራት ቀቅላ፣ በቀጭን እንጨት ሰክታ፣ ከኮርኒሱ ሥር አንጠልጥላ ታደርቀው ነበር። እሷ ከሄደች በኋላ ትታልኝ የሄደችው ደረቁ ዛጎል አራት ዓመት አቆየኝ። እሱ ሲያልቅ ዶክሱ አምና ከኡልሳን ገበያ በረዶ የሆነ፣ ከየትኛው ዓለም እንደመጣ የማይታወቅ ዛጎል ገዝቶ መጣ። አቀረብኩት፤ ግን ቀና ብዬ ፎቶዋን ማየት አቃተኝ። የዛጎል ገበሬ ሚስት የገበያ ዛጎል ትብላ? ዘንድሮ እንዲህ አይሆንም አልኩ። ጎህ ሲቀድ ወጥቼ ከመሐለኛው ገመድ ጫፉን ቆርጬ አመጣሁ። መርዝ ካለም ይውጣ ብዬ ሦስት ጊዜ አፈላሁት። ጣዕሙ እንዳይሄድ ብዬ ግን ውሃውን አልደፋሁትም።

ዶክሱና ሚስቱ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነባቸው ሥርዓቱን ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የምናደርሰው። ልጄ ድስቱን ከፍቶ አየና «አባዬ፣ ይሄ ከየት መጣ?» አለ።

«ከእናትህ ገመድ።»

«ተዘግቶ የለም እንዴ?»

«ለሻጭ ነው የተዘጋው። ለእናትህ አልተዘጋም» አልኩት።

በፎቶዋ ፊት ሰገድን፣ ሶጁ አረቄውን ቀዳንላት፣ ማዕዱን አወረድን። ምራቴ ማንኪያዋን ሾርባው ውስጥ ሁለቴ አዙራ አስቀመጠችው። ዶክሱ ድስቱን አንስቶ ሊደፋው ሲል በሩ ላይ ቆምኩበት። «እናትህ ያልጠገበችውን ለባሕር ልትደፋ ነው?» አልኩት። ይዘውት የመጡትን በረዶ ዛጎል ደግሞ እያዩኝ ለወደቡ ወፎች በተንኩት። ሳይበሉ ሄዱ። እኔም ከንዴቴ የተነሳ ሦስት አራት ፍሬ ብቻ ነው የቀመስኩት። ከንፈሬን ነዘረኝ። ሶጁ ነው ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት የማዕዱን ድርሻ ለጎረቤት ማዳረስ ያለ ነው። ሾርባውን በፒልሬ የነሐስ ጎድጓዳ ሳህን ሞላሁና ለቶንሆዋ ይዤላት ሄድኩ። ሳህኑን ታስታውሺዋለሽ። በድግስ ቤት እንዳይጠፋባት ብላ ከሥሩ ስሟን በምስማር የጫረችበት ነው። የቶንሆዋንም አትረሻትም፤ ከቶንሆ መንደር ተድራ የመጣችው፣ አንቺ ወደ ጀርመን ስትሄጂ ወደቡ ላይ ከእናታችን በላይ ያለቀሰችው። እሷና ፒልሬ መፈልፈያው ቤት አርባ ዓመት ጎን ለጎን ቆመዋል። ሰባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አሁንም ከሷ ቢላ የሚቀድም የለም።

«ደግሞ ምን ይዘው መጡ አንቱ ሽማግሌ?» አለችኝ።

«የጓደኛሽን ማዕድ።»

ክዳኑን ገልጣ አየች። በጣቷ አንዱን ፍሬ ገለበጠች። ከዚያ «ይሄ ደረቁ አይደለም» አለች።

«ሦስት ጊዜ አፍልቼዋለሁ።»

«እሷ እንዲህ አታደርግም ነበር።»

«እንግዲያው ለድመት ስጪያት! የፒልሬን ማዕድ አልበላም በይና ለድመት ስጪያት!» ብዬ ጮህኩባት።

እህቴ፣ አየችኝ። በረንዳዋ ላይ ቁጭ አለችና እያየኋት ሙሉውን በላችው። መረቁን ሳይቀር አንስታ ጠጣች። አፏን ጠረግ አድርጋ «ጨው በዝቶበታል። ፒልሬ ብትቀምሰው ከመቃብር ተነስታ በማንኪያ ትመታዎት ነበር» አለች። እኔም ሳቄን ለቅቄ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቼ ምስጋና ልሰማ መለስ አልኩ። እዚያው በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን በጣቷ ትነካካለች። «ከንፈሬ የሰው ከንፈር ሆነብኝ» ብላ ሳቀች። «ጣቶቼ ውስጥ ጉንዳን ገብቷል።» አነጋገሯ ጥርሱን ከተነቀለ ሰው ባሰ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እሷ ናት «ምን ይገትርዎታል፣ ሄደው መኪና ይጥሩ እንጂ! እኔ ሳህን አጥባለሁ» ያለችኝ። መርዙ አእምሮዋን ነካው ብዬ አሰብኩ። ሰው ሊሞት ነው፣ ሳህን ያጥባል?

ስመለስ ወለሉ ላይ ወድቃለች። እጇ አይነሳም፣ ዓይኗ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አምቡላንሱ ውስጥ ትንፋሿ እየቆመ መጣ። አንቺ ነርስ ነሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ሁለት ቀን ሙሉ ማሽን ነው የተነፈሰላት። እኔ በር ላይ ወንበር ስበው ሰጥተውኝ የማሽኑን ትንፋሽ ስቆጥር ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ራሷ ተነፈሰች። አልሞተችም እህቴ። ዛሬ በቤቷ አለች፣ ግራ እጇ ብቻ ገና አልጠነከረም።

ቱቦውን ሲያወጡላት ከጤና ቢሮ የመጣው ሰው ወረቀቱን ይዞ አጠገቧ ቆመ። ዛጎሉን ማን ሰጠዎት አላት። እኔ ከአልጋው እግር ሥር ነበርኩ። በዚያ በሻከረ ድምፅ «ማን ይሰጠኛል? ከዳርቻው ዓለት ላይ ራሴ ለቅሜ ነው» አለች። ሰውየው ጻፈ። እኔ ኮፍያዬን በእጄ አሽከረከርኩ።

ወሬው ሲወጣ ነጋዴዎቹ ደወሉ። ባሕሩ ቢከፈትም የሳልጊን ዛጎል አንፈልግም አሉ። ፒዮ ሰውን አዳራሽ ሰበሰበ። «አንዲት ሆዳም አሮጊት ለአንድ ጎድጓዳ ሾርባ ብላ የመንደሩን ስም ጭቃ አስገባች» አለ። ዓመቱን ሙሉ ዓለቱ ላይ እንዳትደርስ፣ መፈልፈያው ቤትም እንዳትገባ ይወሰንባት አለ። እንግዲህ አርባ ዓመት የቆመችበት ቦታ ነው። የሚቃወም ካለ ተባለ። ሰው ሁሉ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። የእኔም ራስ ነቀነቀ። ማንም አልያዘኝም፣ ማንም አልገፋኝም፣ ይህ የእኔ አንገት ነው የነቀነቀው። ፒዮም ወደ እኔ ዞሮ «ይኸው፣ ጋሽ ፓንሱል እንኳ ጎረቤቷ ሆነው ተስማምተዋል» አለ። መስታወት ውስጥ ያለው ሰውዬ ያልኩሽ እሱ ነው።

በነጋታው ወይዘሪት ናም ውሃ ልትቀዳ መጣች። እስቲ ያን መርዝ አሳዪኝ አልኳት። ማይክሮስኮፑን ከመኪናዋ ኋላ ላይ አስቀምጣ ከእኔ ገመድ አጠገብ ከተቀዳው ውሃ አንዲት ጠብታ ጣለችበት። ዓይኔን ስደቅን ወደኋላ ነው ያልኩት። ያ የጠራ ውሃ ገበያ ነው! ይርመሰመሳል፣ ይዞራል፣ ይዋዋጣል። «የብርጭቆ ሳጥን የመሰሉት ከፀሐይ ብርሃን የሚያድጉ ናቸው፣ የባሕሩ ሣር ልንላቸው እንችላለን» አለችኝ። «እነዚያ ባለ ረጅም ጢሞቹ ሣሩን ይበላሉ። ትንንሾቹ ዓሦች ባለ ጢሞቹን ይበላሉ፣ ትልልቁ ትንንሹን። ሁሉንም ስናጠቃልል ፕላንክተን እንላቸዋለን፤ እነሱ ባይኖሩ እርስዎም እኔም እዚህ አንቆምም ነበር። ዛጎሉ ግን ምርጫ የለውም፣ በአጠገቡ ያለፈውን ሁሉ ነው የሚያጣራው።» ይህን ሁሉ ሰባ ዓመት ሙሉ በምላሴ ስቀምሰው መኖሬን አስቢው። 

ከዚያ ጠብታውን ትንሽ ገፋ አድርጋ «ይኸው» አለች። እንደ ጨሌ ተሰካክተው፣ አራት አምስት እየሆኑ፣ እየተሽከረከሩ የሚሄዱ ክብ ነገሮች ናቸው። ልጅ አንገት ላይ ቢያስሩት የሚያምር።

«ይሄ ነው? ይሄ ድንክ?»

«እሱ ነው። ቢያፈሉት አይሞትም መርዙ፤ መረቁ ውስጥ ይወጣል እንጂ።»

«ዛጎሉስ ለምን አልሞተም?»

«ዛጎሉ ምን ይሆናል አባባ? እሱ ይበላዋል፣ ያጠራቅመዋል፣ ይወፍርበታል። የሚጎዳው ዛጎሉን የሚበላው ነው።»

የእኔስ ለምን ከፒዮ ይልቅ ወፈረ አልኳት። ዘንድሮ ነፋሱ ውሃውን ወደ እርስዎ ጥግ ገፍቶ አቆየው፣ ደጉም ክፉውም እዚያ ተጠራቀመ አለችኝ። በመዳፌ ይዤ መንደሩን የዞርኩበት ያ ስብ፣ በፒዮ በር ሁለቴ ያለፍኩበት፣ እሱን ነበር። ወደ ድንጋዩ ዞር ብዬ ተፋሁ፤ ምራቄ እስኪደርቅ ተፋሁ። ስመለስ ጠርሙሶቿን እየደረደረች፣ ቀና ሳትል «የዓለቱንም ዛጎል መርምሬዋለሁ» አለች። «መርዝ አለበት፣ ግን አንድ ሰው ማሽን ላይ የሚጥል አይደለም።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ወደ ባሕሩ አየሁ።

የቶንሆዋ ከሆስፒታል እንደወጣች ቤቷ ሄድኩ። እናገራለሁ አልኳት። «ዝም ይበሉ» አለችኝ። «ከተዘጋ ውሃ ያወጣ ይዞታው ይነጠቃል። በሰማንያ ዓመትዎ ማን መልሶ ይሰጥዎታል? ከባሕሩ ካወጡዎት በወሩ ይሞታሉ፣ ከዚያ ፒልሬ በሕልሜ እየመጣች ትነዘንዘኛለች። እኔ የቀረብኝ ቢላና ዓለት ነው።»

«ሳህኑስ?»

«ሩዝ ማሰሮዬ ውስጥ ነው። ስሟን አይተው እርስዎ ጋ እንዳይመጡ እጄ ሳይከዳኝ አጥቤ ቀበርኩት።»

አውቀሽ ነው እንዴ የበላሽው አልኳት። «የፒልሬ ነው አሉኝ፤ ምን ላድርግ ታዲያ?» አለች። ከዚያ ደህናውን እጇን አንስታ ኮርኒሷን አሳየችኝ፤ ከሥሩ ባለፈው ብርድ የደረቀ ዛጎል በእንጨት ተሰክቶ ተደርድሯል። «ፒልሬ በብርዱ ይህን የምታደርቀው ለምን ይመስልዎት ነበር?»

«ለጣዕሙ ነዋ።»

ሳቀች እህቴ። እስክታስል ሳቀች። «ሃምሳ ዓመት አብረው ኖረው! ለእርስዎ እልህ ነው እንጂ። በጸደይ ውሃው እንደሚከፋ እናቷ ነግራታለች። ‹እሱን አትሂድ ማለት አይቻልም፤ ኮርኒሱ ሙሉ ከሆነ ግን አይሄድም› ትለኝ ነበር። አራት ዓመት የሚበቃ ትታልዎት የሄደችውም ለዚያ ነው።»

ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን፣ ዝም ይበሉ ስላለችኝ፣ ልቤ ዕፎይ አለ። ይህንንም ልንገርሽ፤ ዕፎይ አለ። ጀልባዬን አየሁ፣ ገመዴን አየሁ፣ የእኔው ናቸው አልኩ። ከሾርባውም፣ ከአንገቴም ይልቅ ራሴን የተጸየፍኩት በዚያች ዕፎይታ ነው። ከዚያ ወዲህ ምግብ አፌ ውስጥ አይጣፍጥም። ዶክሱ ሲደውል ነገርኩት። «አባዬ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት ልበል፣ እኔ ይዞታ የለኝም፣ ምን ያመጡብኛል?» አለ። ለእኔ አንድ ሰው መዋሸቱ በቅቶኛል፣ አርፈህ ሥራህን ሥራ አልኩት።

ይዞታው ግማሹ የአንቺ ነው ያልኩሽን አልረሳሁም። የመጀመሪያዎቹን ገመዶችና ተንሳፋፊዎች የገዛሁት አንቺ በሽተኛ እያገላበጥሽ በላክሽው ነው። ለሰው ግን «በሁለት እጄ ያቆምኩት» እያልኩ አርባ ዓመት ኖርኩ። ፒልሬ ብቻ ታውቅ ነበር፤ ይህን ባልኩ ቁጥር ትስል ነበር። ነገ የማጣው ያን ነው። ተቆጪኝ ከፈለግሽ፣ ግን ስለ ይዞታው እንጂ ስለ መናገሬ አትቆጪኝ።

እንግዲህ ለኤካርት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ለሳሉ የባሕር አረም ሾርባ አፍልተሽ ስጪው፣ ሽታውን ቢጠላም አፍንጫውን ይያዝ። ለሚና ሰላም በያት፤ የላከችው ፎቶ ከፒልሬ ፎቶ አጠገብ ተሰቅሏል። ለሁለቱ ልጆቿ ስማቸውን መጻፍ ስለማልችል አንቺው አፍሽን ሞልተሽ እየጠራሽ ሳሚልኝ። ከታችኛው ቤት ያለችው አሮጊት ጎረቤትሽም፣ ዳቦ የምታመጣልሽ፣ ካለች ሰላም በያት። ዶክሱና ሚስቱ ሰላም ብለውሻል። የቶንሆዋ ደግሞ «እኔን ያስለቀሰችኝ ልጅ ፀጉሯ ሸበተ ወይ?» ብለው ይጠይቁልኝ ብላለች።

ያለብኝን ዕዳ ልጻፍልሽ። ዶክሱ እንዳይከፍልልኝ፣ አንቺም ከዚያ ምንም እንዳትልኪ፤ ራሴ ነኝ የምከፍለው።

ከፒዮ የተዋስኩት መልሕቅ አለ፣ ሦስት ዓመት ሆነው። ዝገቱን አራግፌ እመልስለታለሁ። አሳማ መሆኑን ግን አልተውኩም። ለወይዘሪት ናም «ልክ ነበርሽ» የምትል አንዲት ቃል አለችብኝ። አጭር ናት፣ ነገር ግን ከአሁን ጀምሮ እየተለማመድኳት ነው። ለምራቴ፣ ወፍ ላይ የበተንኩትን ዛጎል። ለቶንሆዋ ሟች ባል፣ አውሎ ነፋሱ ጣሪያዬን ሲወስደው የሠራልኝን አራት ቀን ጉልበት አልመለስኩም፤ እሱ ስለሌለ በሚስቱ ጣሪያ ላይ እመልሰዋለሁ። ለፒልሬ፣ ብርዱ ሲገባ ከፒዮም ቢሆን ገዝቼ፣ ቀቅዬ፣ ሰክቼ ኮርኒሱን እሞላላታለሁ። ለአንቺ፣ ነገ በሰው ሁሉ ፊት «ገመዱ የእህቴ ነበር» እላለሁ።

የቶንሆዋ ስም ነው የቀረኝ። ነገ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ቤቷ እሄዳለሁ፣ ብትቆጣም ሳህኑን ከሩዝ ማሰሮዋ ራሴ አወጣዋለሁ። በጓሮው መንገድ አልሄድም። በወደቡ በኩል፣ በመፈልፈያው ቤት በር፣ ሴቶቹ እያዩኝ፣ ሳልሸፍነው በሁለት እጄ ይዤ አልፋለሁ። ፒዮ ፊት ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ፣ የፒልሬ ስም ወደ ላይ እንዲሆን።

ወንድምሽ ፓንሱል
ኮጄ ደሴት፣ ሳልጊ መንደር
እሑድ፣ በአራተኛው ወር በሃያ አራተኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. 2011